በጽሑፍ ያለስ ይወረሳል ወይ?

ባለፈው ክረምት አንድ የጥንት ተማሪዬ ከላስታ ደወለልኝ። ዛሬ እሱም መምህር ነው፤ ከላሊበላ ወጣ ብላ ባለች ደጋ ቀበሌ ያስተምራል። የልጆቹን፣ የዝናቡንና የእህሉን ነገር ከተጨዋወትን በኋላ ወደ ጉዳዩ ገባ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ላማክርዎ ብዬ ነው። የአገሩን ሽማግሌዎች ቃል፣ የሠርጉን ዘፈን፣ የለቅሶውን ግጥም ሰዎቹ ሳያልቁ እንመዝግብ ተባብለን ገንዘብ አዋጣን። ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ልንገዛበት ነው። ልጆቹ ሊኑክስ የሚባለው ይሻላል ይላሉ። ምን ምኑን አይተን እንግዛ?"

ሣቄ መጣ። "አንተ ደግሞ፣ ሥነ ጽሑፍ ያስተማረህን ሰው ነው እንዲህ ያለ ነገር የምትጠይቀው? እኔ ስለ ኮምፒውተር የማውቀው ሲበላሽ መጮህን ብቻ ነው" አልኩት።

"እሱስ ልክ ነው" አለኝ እንደ ማፈር ብሎ። "ግን ያ የአልቃሿ ጽሑፍ ትዝ ብሎኝ ነው።"

ይህን ሲል ሣቄ ጠፋ።

ነገሩ ወዲህ ነው። በ1988 ዓ.ም. ገና ጀማሪ መምህር ሳለሁ፣ ለዕረፍት ወደየአገራቸው የሚሄዱ ተማሪዎቼን ሥነ ቃል ሰብስበው እንዲመጡ አዛቸው ነበር። ይህ ልጅ ከላስታ አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱ ላይ ያለችው በ1977ቱ ድርቅ ልጆቿን የቀበረች አንዲት አልቃሽ ናት። እያንዳንዱን ሟች በስሙ እየጠራች ታለቅሳለች። ማን በየትኛው መንገድ ላይ እንደ ወደቀ፣ በሬው በስንት ብር እንደ ተሸጠ፣ ከደጁ ማን እንደ መለሳት፣ ሁሉም አለበት። ታሪክ ጸሐፊዎች በዚያ ድርቅ ያለቀውን ሰው በመቶ ሺዎች ይቆጥሩታል። እሷ ግን አንድ በአንድ ነበር የምትቆጥረው።

ቃሉን ከካሴቱ እየሰማሁ በሙሉ በኮምፒውተር ጻፍኩት፤ በፍሎፒ አስቀመጥኩት፤ ኋላም ወደ ሲዲ አስገለበጥኩት። ካሴቱ ለልጁ ተመለሰለትና አንድ ዘመዱ ዘፈን ቀዳበት። ይሁን፣ ጽሑፉ አለ ብለን ተጽናናን። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" አይደል የሚባለው?

ከዐሥር ዓመት በኋላ ፋይሉን ከፈትኩት። ሙሾው የለም። በምትኩ የላቲን ፊደል፣ የዶላር ምልክት፣ ነጥብና ጭረት ተደበላልቆ ገጹን ሞልቶታል። የጻፍኩበት ኮምፒውተር ተጥሏል። እሱ ላይ የነበረው የአማርኛ ፎንት የት እንደ ገባ የሚያውቅ የለም። አልቃሿም አርፋለች።

ስለዚህ ተማሪዬን "ቆይ፣ የሚያውቅ ሰው ልጠይቅልህ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ በኋላ ግን ከኮምፒውተሩ ይልቅ ታሪኩ ሲያሳስበኝ ሰነበተ። ላስታ እኮ በጽሕፈት ዕቃ አመራረጥ ከማንም ምክር የምትለምን አገር አልነበረችም!

የብራና መጽሐፍ ሲሠራ ያየ ሰው ቁም ጸሐፊው ብርዑን ከማንሣቱ በፊት መራጭ እንደ ሆነ ያውቃል። ቆዳው በአብዛኛው የፍየል ነው፤ ተወጥሮ፣ ተፍቆ፣ ደርቆ ነው ብራና የሚሆነው። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ከተቆላ እህል ጋር ይዘጋጃል። ብርዑ መቃ ነው። ገበታው ከወይራ ወይም ከዋንዛ ይጠረባል፤ ማኅደሩ ከቆዳ ይሰፋል። አብዛኛው ዕቃ ከደጅ የሚገኝ ነው። ስፌቱ ቢበጠስ እንደገና ይጠረዛል፤ ገበታው ቢሰነጠቅ ሌላ ይጠረባል። አንዱ ክፍል ስለ ተበላሸ መጽሐፉ አይጣልም።

ሰው በዚህ ዕቃ እንዴት ይታመን እንደ ነበር ለማወቅ የወንጌሎቹን ባዶ ገጾች ማየት ነው። የርስትና የጉልት ውል የሚጻፈው እዚያ ላይ ነበር። ንጉሥ ላሊበላ የሰጣቸው የመሬት ስጦታዎች ወደ እኛ የደረሱት እንዲህ ባሉ የወንጌል ገጾች ላይ ተጽፈው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ትልቅ ሥራ ሲካሄድ፣ ካሜራ የያዙት ሰዎች መጽሐፉን ገለጡት፣ አነሡት፣ አለቀ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ሚኔሶታ ተቀምጠው ያን ፊልም እያዩ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን ዘረዘሩ። የብዙ መቶ ዓመት ብራና ለመክፈት ፎንት የጠየቃቸው የለም። የእኔ የዐሥር ዓመት ፋይል ግን ጠየቀ።

እንዴት እዚህ ደረስን? ፊደላችን በሌላ ሰው መሣሪያ ውስጥ ማደር ከጀመረ ቆይቷል። የመጀመሪያው የግዕዝ የኅትመት መጽሐፍ፣ መዝሙረ ዳዊት፣ እ.ኤ.አ. በ1513 የታተመው ሮም ላይ ነው። ኋላ የጽሕፈት መኪና መጣ። ሠላሳ ሦስቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፤ ዲቃላውና ቁጥሩ ሳይጨመር ማለት ነው። ይህን ሁሉ አርባ ምናምን ቁልፍ ላይ ማስፈር የማይቻል ሲመስል ኢንጂነር አያና ብሩ የድምፅ ምልክቶቹን ከፊደሉ ነጥለው የሚቀጥሉበትን ዘዴ አመጡ። ብልሃቱ ድንቅ ነው። ነገር ግን ፊደሉ ለመሣሪያው ጎንበስ አለ። በጽሕፈት መኪና የተጻፉ የድሮ ደብዳቤዎችን ያየ ሰው ቅጥያው ከፊደሉ ራቅ ብሎ ተለጥፎ መታየቱን ያስታውሳል።

ኮምፒውተር ሲመጣ እንደ ፍሥሐ አትላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ ባለሙያዎች ፊደላችንን እዚያ ውስጥ ለማስገባት ብዙ ደከሙ። ችግሩ የቦታ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት የሚይዘው ከ256 የማይበልጥ ምልክት ነው፤ ከዚያም ላይ የተወሰነው ለሌላ ሥራ የተያዘ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ሠሪ ፊደሉን ለሁለት ፎንት ከፈለው፤ አንዳንዱ እንደ ጽሕፈት መኪናው ቅጥያ ቀጠለ። ሁሉም ግን ፊደሉን በላቲኑ መቀመጫ ላይ ያስቀመጠው በየራሱ ምርጫ ነው። አንዱ "ሀ"ን ባኖረበት ሌላው "መ"ን ያኖራል። ቢሮ ለቢሮ ደብዳቤ ሲላላክ ፎንቱንም አብሮ መላክ የግድ ሆነ። እኔም የተያዝኩት በዚህ ወጥመድ ነው። የጻፍኩት አማርኛ መስሎኝ ነበር፤ ለማሽኑ ግን የላቲን ፊደል ነበር፣ አማርኛ የሚያስመስለው ልብሱ ብቻ ነው። ልብሱ ሲወልቅ እርቃኑን ቀረ።

መፍትሔው እ.ኤ.አ. በ1999 መጣ። የዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸው ቋሚ ቁጥር የሚያገኙበት ዩኒኮድ በሦስተኛ እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትንና ምልክቶችን አስገባ። ከዚያ ወዲህ "ሀ" በየትም አገር፣ በየትኛውም ማሽን "ሀ" ናት።

እግረ መንገዴን ስለ ሊኑክስም አነበብኩ፣ ይህን አንቀጽ ስጽፍ እንዳላፍር። ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ እ.ኤ.አ. በ1991፣ በ21 ዓመቱ የጀመረው ሥራ ነው። የሥራው ምስጢር ለሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያርመዋል፣ ገልብጦ ለጎረቤቱ ይሰጣል። ፈረንጆቹ ይህን ለማስረዳት ይቸገራሉ፤ በቋንቋቸው "ያለ ዋጋ" እና "አርነት ያለው" አንድ ቃል ስለ ሆነባቸው። እኛን አንዲት "በ" ትገላግለናለች። "በነፃ" ሌላ፣ "ነፃ" ሌላ። የተማሪዬ ልጆች የሰሙት "በነፃ" መሆኑን ነው። እኔን የገረመኝ ሌላው ነው።

ምክንያቱም በሩ ክፍት ስለ ሆነ የእኛም ሰዎች ገብተውበታል። ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ በ1990ዎቹ፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ አማርኛን በላቲን ቁልፍ በድምፁ እየጻፉ ወደ ፊደል የሚመልሱበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት አወጡ። ዛሬም ሊኑክስ ላይ አማርኛ ለመጻፍ ከሚያገለግሉት መንገዶች አንዱ እሱ ነው። ሊኑክስ ውስጥ የየአገሩን ቋንቋ፣ የቀኑንና የወሩን ስም፣ የፊደሉን ቅደም ተከተል የሚይዝ መዝገብ አለ። አማርኛ አለበት፣ ትግርኛ አለበት፣ ኦሮምኛ አለበት፣ ሲዳምኛ አለበት፣ አፋርኛ አለበት። ግዕዝም አለበት! ያውም ስሞችን በሀ ሁ ተራ ብቻ ሳይሆን በአበገደም እንዲደረድር ተደርጎ። መቼም ለግዕዝ ኮምፒውተር ሸጦ የሚያተርፍ ነጋዴ የለም። የገባው ገበያ ስላለው ሳይሆን የሚወደው ሰው በሩን ክፍት ስላገኘ ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ የእህቴን ልጅ ቤቴ ጠራሁት። አዲስ አበባ ውስጥ ኮምፒውተር እየጠገነ ነው የሚኖረው። ስለ ገንዘቡ ይጠይቀኛል ስል እሱ ግን "ጋሼ፣ ከፍታው ስንት ነው? መብራቱስ እንዴት ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው ማን ነው?" አለኝ። ይህ ልጅ ቁም ጸሐፊ ቢሆን ይዋጣለት ነበር አልኩ በልቤ።

ገንዘቡን ስነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በዚያ ብር አዲስ ዕቃ ገዝቶ መገጣጠም አይታሰብም አለኝ። ግን ዓለም እየጣለልን ያለ ነገር አለ። የማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ በኢንቴል በኩል በአብዛኛው ከስምንተኛ ትውልድ በታች ያለ ፕሮሰሰር አይቀበልም። ስለዚህ ስድስተኛና ሰባተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ያላቸው፣ ምንም ያልሆኑ የቢሮ ኮምፒውተሮች በየአገሩ እየተጣሉ ነው። ሊኑክስ እነዚህን አይንቅም።

"ስለዚህ" አለ የእህቴ ልጅ፣ "አንድ አዲስ ከማለም ሁለት ያገለገሉ ይግዙ። ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ። ሁለቱም ይሠራሉ፤ አንዱ ሲሞት ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል።" ጥማድ በሬ እንደ ማለት ነው።

ቀጥሎ ክፍል በክፍል ዘረዘረልኝ። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ ፋይቭ ይበቃል፤ ጽሑፍ ለመጻፍ፣ ድምፅ ለመቅዳትና ለማረም ከዚያ በላይ መክፈል ለጉራ ነው። በስሙ መጨረሻ ላይ "ቲ" ያለበት ከተገኘ ተመራጭ ነው፤ ለ35 ዋት የተሠራ ስለ ሆነ መብራት ሲጠፋ በባትሪ ብዙ ይቆያል። ራሙ ስምንት ጊጋባይት ይሁን፣ ግን በአንድ ካርድ ላይ፤ ሁለተኛው ቦታ ባዶ ይቅር፤ ገንዘብ ሲገኝ ዐሥራ ስድስት ይሆናል። ግራፊክስ ካርድ ለብቻው አያስፈልግም፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር አብሮ የሚመጣው የኢንቴል ግራፊክስ ከሊኑክስ ጋር ይግባባል። በዚህ ነገር ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ፊንላንድ ውስጥ መድረክ ላይ ተቀምጦ አንዱን የግራፊክስ ካርድ ኩባንያ፣ ኢንቪዲያን፣ በጸያፍ ምልክት ሰድቦት ነበር። ኩባንያው ከዐሥር ዓመት በኋላ ከሥራው የተወሰነውን ክፍት አድርጓል።

ማስቀመጫው ጋ ሲደርስ የከፍታው ጥያቄ ገባኝ። አሮጌው ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከር ሰሌዳ አለ። አንባቢው ጫፍ ከሰሌዳው ሳይነካ የሚንሳፈፈው በቀጭን አየር ላይ ነው። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ለዚህም ነው ብዙዎቹ ዲስኮች እስከ 3,048 ሜትር ብቻ እንዲሠሩ የሚመከሩት። ላሊበላ ከተማ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለ ሆነች ችግር የለባትም። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ግን ከ4,200 ሜትር በላይ ነው፤ በዳገቱ ላይ ያሉ መንደሮችም ከዲስኩ ወሰን በላይ ሊሆኑ ይችላሉ። የተማሪዬ ቀበሌ እዚያ ናት። ስለዚህ ምንም የሚሽከረከር ነገር የሌለበት ኤስኤስዲ ይግዙ ተባለ፤ 256 ጊጋባይት ለመጀመሪያው ይበቃል።

በመጨረሻ የመብራት ኃይል። የእህቴ ልጅ በጣም የቆየው እዚህ ላይ ነው። መብራቱ ከፍ ዝቅ ሲል ቀድሞ የሚቃጠለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ብዙ የቢሮ ኮምፒውተሮች ደግሞ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ፓወር ሰፕላይ ስላላቸው ሌላ አይገጥምባቸውም፤ ወልድያም ደሴም ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል። ትንንሾቹ፣ "ሚኒ" የሚባሉት፣ እንደ ላፕቶፕ በውጭ አዳፕተር ስለሚሠሩ የሚቃጠለው በአብዛኛው አዳፕተሩ ነው፤ እሱ በቀላሉ ይተካል። ትልቁን የሚገዛ ግን መደበኛ ፓወር ሰፕላይ የሚገጥምለት መሆኑን ከፍቶ ይይ። ለሁሉም ዩፒኤስ የግድ ነው።

"ታዲያ ላፕቶፕ ለምን አይሆንም? ባትሪ አለው" አልኩት።

"ብዙዎቹ አዳዲሶች ራማቸው ተበይዷል፣ ጋሼ። አንዱ ሲሞት አብሮ ይሞታል።"

ይህን ስሰማ ላስታ ያሉት ሁለት ዓይነት አብያተ ክርስቲያናት ትዝ አሉኝ። የላሊበላዎቹ ዐሥራ አንዱ ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ዓለምን ያስደነቁት ለዚህ ነው፤ ነገር ግን ሲሰነጠቁ አውጥቶ የሚለወጥ ድንጋይ የለም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአንዳንዶቹ ላይ ያ ግዙፍ መጠለያ የተተከለውና እስከ ዛሬ ብዙ የሚያነጋግረው በዚህ ምክንያት ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በዋሻ ውስጥ ያለው ይምርሐነ ክርስቶስ ግን እንጨትና ድንጋይ በየረድፉ እየተደራረበ የተገነባ ነው። ያረጀ እንጨት አውጥቶ ሌላ መተካት ይቻላል። ሁለቱም ውብ ናቸው። ለደሃ ቀበሌ ኮምፒውተር ግን የይምርሐነው አሠራር ይሻላል።

ሊኑክሱን በተመለከተ የመረጠው ዴቢያን የሚባለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 የተጀመረ፣ የማንም ኩባንያ ያልሆነ፣ አንዱ እትም አምስት ዓመት ገደማ ጥገና የሚያገኝ ነው። ሳይጫን ከፍላሽ ስለሚነሣ ሻጩ ፊት አስነሥቶ ዋይፋዩ፣ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸውን ማየት ይቻላል። ከሁሉ በላይ ያለ ኢንተርኔት ይኖራል። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላስታ ሲደርስ አገሩ መብራትም ስልክም አጥቶ ለወራት ከርሟል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ነበር። "ፈቃዴን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት አገናኘኝ" የሚል ማሽን እንዲህ ባለ ጊዜ ለማን ይጮኻል?

ችግሩንም አልደበቀኝም። አንዳንድ የመሥሪያ ቤት ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ አይሠራም፤ ከእሱ የማይግባባ ፕሪንተር አለ፤ በየከተማው ያለው ጠጋኝ የለመደው ዊንዶውስን ነው፤ ግራ ሲገባው መፍትሔው "ፎርማት ይደረግ" ነው፤ ፎርማት ሲደረግ ሥራው ሁሉ ይጠፋል። ስለዚህ ከልጆቹ ሁለቱ እንኳ መጠገኑን ይማሩ አለ። ጽሑፉ በዩኒኮድ ይሁን፤ የትም ሊከፈት በሚችል ዓይነት ይቀመጥ፤ ከአንድ ቦታ በላይ ይኑር።

ሊሄድ ሲነሣ ሲዲውን አሳየሁት። ወስዶት ሳምንት ቆየ። ምልክት ከፊደል እያገናዘበ፣ እኔም የማስታውሰውን እየነገርኩት፣ አብዛኛው ሙሾ ተመለሰ። ሁሉም ግን አልተመለሰም። ፊደሉ ለሁለት ፎንት የተከፈለበት ስለ ነበር፣ የትኛው ምልክት በየትኛው ፎንት እንደ ተጻፈ የሚነግረው መረጃ ስንገለብጥ ጠፍቷል። አንዱ ምልክት "ቀ"ም "ጠ"ም ሊሆን ይችላል። አልቃሿ ስለ መጨረሻ ልጇ የምትናገርበት ቦታ ላይ "ቀና" ትበል "ጠና" መለየት አቃተን። ልጁ ተሻለው ወይስ ባሰበት? አንዲት ፊደል ናት፤ እናት ግን የምታለቅሰው በዚያች ፊደል ላይ ነው።

ሁለቱ ኮምፒውተሮች መንገዱ ሲከፈት በአውቶቡስ ሄዱ። ጎዶሎውን ጽሑፍም አትሜ አብሬ ላክሁት። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተማሪዬ ደወለ።

"መምህር፣ የአልቃሿ የእህት ልጅ አለች። ዛሬ የአገሩን ለቅሶ የምታወጣው እሷ ናት። አነበብንላት። አላስጨረሰችንም፣ ራሷ ቀጠለችው።"

"እሺ፣ የቱ ነው?" አልኩት።

"'ጠና' ነው" አለኝ።

ዝም ተባባልን። ተረቱ በቃል ያለ ይረሳል ይላል። እኛ የጻፍነውን ግን ያስታወሰችው በቃሏ የያዘችው ሴት ናት። ዳሩ እሷም ሰው ናትና ያን ምሽት ተቀምጠው፣ እኛ ያልጻፍነውንም ጨምራ ስትለው ድምፁን ቀዱ፣ ቃሉን ጻፉ። በሁለቱም ኮምፒውተሮች አስቀመጡት። አንዱን ቅጂ በፍላሽ አድርገው ለደብሩ ዕቃ ቤት አደራ ሰጡ። አንዱንም በወረቀት አተሙት፤ ወረቀት ለማንበብ ምንም አይጠይቅምና።

"የቀረ ነገር አለ?" አለኝ ተማሪዬ።

"ካሴት ለዘመድ እንዳታውስ" አልኩት።